«ኒው ማይክሮሶፍት ወርድ ዶክመንት 63»ን ለመገላገል፦ የአንድ ኮፒ ቤት የሥራ ማስታወሻ

ኅዳር 8 ቀን 2018፣ ሰኞ

ጠዋት አንድ አባት መጡ። ከሁለት ወር በፊት እኛ ጋ የቤት ኪራይ ውል አስጽፈዋል። የቤት ቁጥሩ ላይ አንድ አሃዝ ተሳስቷል። እሷን አስተካክሎ እንደገና ፕሪንት ማድረግ ነው፣ የሁለት ደቂቃ ሥራ። ፋይሉን ስንፈልግ አርባ ደቂቃ ሄደ። እሳቸው ወንበር ላይ ቁጭ ብለው በባርኔጣቸው ፊታቸውን ያራግባሉ። በመጨረሻ ሲገኝ «ኒው ማይክሮሶፍት ወርድ ዶክመንት 63» ተብሎ፣ ዴስክቶፕ ላይ፣ ከአንድ የሰርግ መጥሪያ ጎን ተቀምጧል።

«አቦ፣ እንደ አዲስ ብትጽፉት አይፈጥንም ነበር?» አሉኝ ሲወጡ። እውነታቸውን ነው።

ማታ ሱቁን ከመዝጋቴ በፊት ቆጠርኩ። በአንዱ ኮምፒውተር ዴስክቶፕ ላይ ብቻ 211 ፋይል አለ። «አዲስ»፣ «አዲስ 2»፣ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ የእውነት»። በሚተይቡልኝ ሁለት ልጆች አልፈርድም። ደንበኛ ቆሞ እያየ ራይት ክሊክ፣ «ኒው»፣ ወርድ፣ ከዚያ ትየባ ነው። ስም ሲያልቅ ይሰጠዋል ይባላል፤ ሲያልቅ ደግሞ ሌላ ደንበኛ ቆሟል።

ስለዚህ አንዲት ትንሽ መሣሪያ ልሠራ ነው። ፋይሉ ሲፈጠር ስሙንና ቦታውን ይዞ እንዲፈጠር። ፋይል መፍጠር ራሱ አንድ ሰከንድ ነው፤ የሚያደክመን ከዚያ በኋላ ያለው ፍለጋ ነው። የምሠራው በቀትር ነው። የእኛ ሰፈር፣ የድሬዳዋው ከዚራ፣ ከስድስት ሰዓት በኋላ ጭር ይላል፤ ሙቀቱ ሰዉን ወደየቤቱ ይሰበስበዋል፤ እኔም ግማሽ በር ዘግቼ ከአየር ማራገቢያው ስር እቀመጣለሁ።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

መጀመሪያ ዊንዶውስ ራሱ ያለውን ልመርምር አልኩ። ራይት ክሊክ ስናደርግ «ኒው» ውስጥ የሚመጣው ዝርዝር ከሬጅስትሪ፣ ማለትም ከዊንዶውስ የቅንብር መዝገብ፣ ነው የሚነበበው። ለየፋይል ዓይነቱ «ሼልኒው» የሚባል ቁልፍ አለ። እዚያ ውስጥ «ኑልፋይል» ከተባለ ባዶ ፋይል ይፈጥራል። «ፋይልኔም» ተብሎ የአንድ ፎርማት አድራሻ ከተሰጠው ግን ያንን ፎርማት ገልብጦ ያስቀምጣል።

ሞከርኩት። የማመልከቻ ፎርማታችንን ሰጠሁት። ራይት ክሊክ፣ «ኒው»፣ ወርድ። ስከፍተው ቀን፣ «ለ»፣ «ጉዳዩ»፣ «ከሠላምታ ጋር» ሁሉም በየቦታው ቁጭ ብለዋል። ደስ አለኝ፤ ደስታዬ ግን አሥር ደቂቃ አልቆየም። ለአንድ የፋይል ዓይነት የሚሰጠው አንድ ፎርማት ነው። እኛ ደግሞ አሥራ አንድ ዓይነት እንጽፋለን፤ ማመልከቻ፣ የኪራይ ውል፣ የመኪና ሽያጭ ውል፣ ሲቪ፣ የዕድር ደብዳቤ፣ የሰርግ መጥሪያ፣ ሌላም ሌላም። የኦሮምኛና የሶማሊኛ ማመልከቻው ሲጨመር የባሰ ነው። ስሙ ደግሞ ያው «ኒው ማይክሮሶፍት» ሆኖ ቀረ።

ሊኑክስ የሚጠቀም አንድ ጓደኛ አለኝ። ነገሩን ስነግረው ሳቀብኝ። እሱ ጋ «ቴምፕሌትስ» የሚባለው ፎልደር ውስጥ ፎርማቶቹን መጣል ብቻ ነው፤ ራይት ክሊክ ሲያደርግ ሁሉም ተዘርዝረው ይመጣሉ። ቀናሁ። ማክ ያላቸው ደግሞ ፋይንደር ላይ ራይት ክሊክ ቢያደርጉ አዲስ ፎልደር እንጂ አዲስ ባዶ ፋይል አያገኙም። እሱን ሰምቼ ትንሽ ተጽናናሁ።

በነገራችን ላይ ታናሿ ልጅ ዛሬ ባዶ የቴክስት ፋይል ፈጥራ የስሙን መጨረሻ ወደ ኤክሴል ቀየረችው። ኤክሴል አልከፍትም አላት። ስም መቀየር ፋይሉን አይቀይረውም። የአሁኑ የኤክሴል ፋይል፣ የወርዱም እንዲሁ፣ ውስጡ ሲታይ ዚፕ ነው፤ ብዙ ትንንሽ ፋይሎች የታጨቁበት ከረጢት። ባዶ ፋይል ከረጢትም አይደለም።

ኅዳር 10፣ ረቡዕ

በባች ፋይል ጀመርኩ፤ ትእዛዞች በተራ የሚጻፉበት ፋይል ነው። ትእዛዙ የሚሠራበት ጥቁሩ መስኮት አማርኛ አይወድም። የመጀመሪያው ፋይል ስም ዝብርቅርቅ ያለ ምልክት ሆኖ ወጣ። ኮድ ፔጁን (ፊደል በቁጥር የሚመዘገብበትን ሰንጠረዥ) ወደ 65001፣ ማለትም አማርኛንም ወደሚይዘው ዩቲኤፍ 8፣ ስቀይረው የፋይሉ ስም ተስተካከለ። መስኮቱ ላይ ግን ፊደሉ ሁሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ነው የሚታየው። ልጆቹ ሳጥን እያዩ ስም እንዲጽፉ አልፈልግም።

ወደ አውቶሆትኪ ዞርኩ፤ አንድ ቁልፍ ሲጫኑ የታዘዘውን ሥራ የሚሠራ ፕሮግራም ነው። ነጻ ነው፣ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፣ ኖትፓድ ላይ ጽፈህ ዳብል ክሊክ ታደርገዋለህ። አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ። ሁለተኛው ስሪት በ2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሲወጣ አጻጻፉ ተቀይሯል፤ ኢንተርኔት ላይ የምታገኙት ምሳሌ ብዙው የአንደኛው ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ገልብጬ እየለጠፍኩ «ስህተት» ሲለኝ ቆይቼ ነው የገባኝ። ሁለተኛው ስሪት ጥሩነቱ ፋይሉን በዩቲኤፍ 8 ስለሚያነብ አማርኛ ያለ ጭቅጭቅ ይቀበላል።

የምትጠራበትን ቁልፍ ስመርጥ ኪቦርዱን በጣቴ ዞርኩት። ወርድ ያልያዘው ቁልፍ ጥቂት ነው። በመጨረሻ «ፖዝ» የሚለው ላይ ቆምኩ። ከኪቦርዱ በላይ በቀኝ ጥግ ያለችው፣ ከተገዛ ጀምሮ ማንም ያልነካት። አቧራዋን ጠረግኩላት።

የመጀመሪያዋ ስሪት አርባ መስመር አትሞላም። ፖዝ ሲጫኑ ዝርዝር ይወጣል። ቁጥር ይመርጣሉ። «የደንበኛው ስም?» ይላል። ስሙን ይጽፋሉ፣ ኢንተር። ፎርማቱን ገልብጦ፣ ስም ሰጥቶ፣ የራሱ ፎልደር ውስጥ አስቀምጦ፣ ወርድን ይከፍታል። ትልቋ ልጅ ሞከረችና «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ዴስክቶፑን ስራ ፈት ሊያደርገው ነው» አለች።

ኅዳር 12፣ አርብ

አላደረገውም። ጠዋት የመጀመሪያዋ ደንበኛ «ወ/ሮ» ነበሩ።

ይሄን እንዴት እንዳላሰብኩት! ዊንዶውስ በፋይል ስም ውስጥ ዘጠኝ ምልክቶችን አይቀበልም። አንዷ ይህች ዘመም ያለች ጭረት «/» ናት። እሷን ሲያይ የፎልደር መለያ ይመስለዋል። ስለዚህ «ወ» የሚባል ፎልደር ፈለገ፤ የለም፤ ስህተት። እኛ ደግሞ ያለ ጭረት መኖር አንችልም። ወ/ሮ፣ ወ/ሪት፣ ገ/፣ ኃ/፣ ተ/፣ አ/አ። የደብዳቤ ቁጥርማ ከጭረት ውጭ ምኑ አለ? ይህን ሕግ ያወጡት ሰዎች አንድም ቀን የኢትዮጵያ ደብዳቤ አላዩም።

ጭረቷን በነጥብ ተካሁ፤ «ወ.ሮ» ይሆናል። የፋይሉ ስም ላይ ብቻ ነው፤ ደብዳቤው ውስጥ ጭረቷ እንዳለች ናት። ሌሎቹን ስምንት ምልክቶች ደግሞ በባዶ ቦታ። ከቀትር በፊት አለቀ። ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

ይሄኛው ግን ጉድ ነው። ዝርዝሩ ላይ 11ኛው «ማስታወሻ» ነው፤ የቀጠሮና የስልክ መያዣ ቴክስት ፋይል። ታናሿ ትናንት «ቀጠሮ: ሐሙስ» ብላ ፈጠረች። ኖትፓድ ተከፈተ፣ ስድስት የደንበኛ ስልክ ጻፈችበት፣ ሴቭ አደረገች፣ ዘጋች። ምንም ስህተት የለም። ዛሬ ፎልደሩን ስትከፍት «ቀጠሮ» የሚባል ፋይል አለ፤ መጠኑ ዜሮ። ስትከፍተው ባዶ።

«ወላሂ ጽፌያለሁ፣ ጋሼ!» አለች። ፊቷ ቀላ።

ጽፋለች። ነገሩ ሁለት ነጥቡ ነው። የግዕዙ ሁለት ነጥብ «፡» ለዊንዶውስ እንደማንኛውም ፊደል ነው፤ ፋይል ስም ውስጥ ቢገባ ግድ የለውም። የእንግሊዝኛው ሁለት ነጥብ ግን ሌላ ትርጉም አለው። የዊንዶውስ ዲስክ አሠራር አንድ ፋይል በጀርባው ሌላ ድብቅ ጽሑፍ እንዲሸከም ይፈቅዳል፤ መለያያቸው ሁለት ነጥብ ነው። ስለዚህ «ቀጠሮ» የሚባል ባዶ ፋይል ተፈጠረ፤ «ሐሙስ» የሚባለው ጽሑፍ ደግሞ ከጀርባው ተንጠለጠለ። መጠኑም በዝርዝሩ ውስጥ አይቆጠርም። በዐይን ብታያቸው ሁለቱ ነጥቦች መንትያ ናቸው።

ጥቁሩ መስኮት ላይ የፎልደር ዝርዝር ማሳያውን ከ«አር» ምርጫ ጋር ስጠራው ብቅ አለ። ስድስቱም ስልክ አለ። አወጣነው። ወደ ተራ ፍላሽ ገልብጣው ዋናውን አጥፍታ ቢሆን ግን ቀልጦ ነበር፤ አብዛኛው ፍላሽ የተቀረጸበት አሠራር ይህን ድብቅ ጭነት አይዝም።

ጥፋቱ የኔው ነው። የትናንቱን ማጣሪያ የጻፍኩት ለወርድ ፋይሎቹ ብቻ ነበር። አሁን ስሙ ከየትም ይምጣ መጀመሪያ በማጣሪያው ያልፋል።

ኅዳር 16፣ ማክሰኞ

የቀን ጉዳይ። ፋይሉ ሁሉ በቀን እንዲጀምር ፈልጌያለሁ፤ በኛ ቀን። ደንበኛ መጥቶ «በጥቅምት ያስጻፍኩት» ይላል እንጂ «በኦክቶበር» አይልም። ደግሞ በወር ስም ከጻፍክ ዝርዝሩ በፊደል ተራ ይደረደርና ሐምሌ ከመስከረም ቀድሞ ይቀመጣል። ስለዚህ ቁጥር፦ ዓመት፣ ወር፣ ቀን። የዛሬው «2018-03-16»።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለፉትን ቀናት ቁጠር። አራት ዓመት 1461 ቀን ነው፤ ሦስቱ 365፣ የመጨረሻው 366። በ1461 አካፍል፣ ቀሪውን በ365 አካፍል፣ የተረፈውን በ30። ወር ወጣ፣ ቀን ወጣ። የዛሬውን ሞከርኩ፤ ልክ። የዐድዋን፣ የገናን፣ የዘንድሮን መስከረም 1፤ ልክ።

ከዚያ ጳጉሜን 6 ትዝ አለኝ። ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023ን አስገባሁ። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ማለት ነበረበት። መስከረም 1 ቀን 2016 አለኝ። በማግስቱም መስከረም 1 ቀን 2016 አለኝ። ሁለት እንቁጣጣሽ!

ወረቀት አውጥቼ በእጄ ሠራሁት። የአራት ዓመቱ የመጨረሻ ቀን ላይ ቀሪው 1460 ነው። ለ365 ሲካፈል በትክክል 4። ኮምፒውተሩ «አራት ዓመት ሞላ» ብሎ ወደሚቀጥለው ዓመት ይሻገራል፤ ግን አንድ ቀን ይቀረዋል። መፍትሔው አንድ መስመር ነው፤ ውጤቱ 4 ከመጣ 3 አድርገው። ያለሱ ቢሆን ስህተቱ የሚታየው በ2019 ጳጉሜን 6 ብቻ ነበር። ያን ጊዜ ማን ያስታውሰዋል?

ሌላው ልዩነት፣ ኮምፒውተሩ ቀን የሚቀይረው በእኩለ ሌሊት ነው። እኛ ያን ጊዜ ተኝተናል፤ ተውኩት።

ኅዳር 19፣ አርብ

ሁለት መሐመድ አሕመድ በአንድ ቀን። ድሬዳዋ ውስጥ ይሄ ብርቅ ነው እንዴ? ሁለቱም የመኪና ሽያጭ ውል። ጠዋት ለመጀመሪያው አራት ገጽ ተጻፈ። ከሰዓት ሁለተኛው መጡ፤ ትልቋ ፖዝ ተጫነች፣ ቁጥሩን መረጠች፣ ስሙን ጻፈች፤ ባዶ ፎርማት ተከፈተ፣ እንደተለመደው። ብቻ ያ ባዶ ፎርማት በጠዋቱ ውል ላይ ተገልብጦበት ነበር።

የመገልበጫው ትእዛዝ መጨረሻ ላይ አንዲት ቁጥር አለች። 1 ከሆነች «ካለም ደርበህ ጻፍበት» ማለት ነው፤ 0 ከሆነች «ካለ ተው»። እኔ ስሞክር ስህተት እያለ ስላስቸገረኝ 1 አድርጌያት ረስቻታለሁ። የመጀመሪያው ሰውዬ ፕሪንቱን ይዘው ስለሄዱ እንጂ ጉዴ ነበር። አሁን 0 ናት። ስሙ ካለ ደግሞ ራሷ «02»፣ «03» እያለች ትቀጥላለች። አራቱን ገጽ ከፎቶ ኮፒው አይቼ እንደገና የተየብኩት እኔ ነኝ። ቅጣት ነው።

ኅዳር 24፣ ረቡዕ

ጎረቤታችን ጠበቃ አንድ የኪራይ ውል ይዘው መጡ። መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው አዩኝ።

«አንቺ ልጅ ነሽ የጻፍሽው ወይስ እሱ?» አሉ ወደ ታናሿ።
«ኮምፒውተሩ ነው» አለች።
«እንግዲያው ኮምፒውተሩ ሕግ ቀይሯል።»

ውሎቻችን ሁሉ መጨረሻ ላይ «ይህ ውል በፍ/ብ/ሕ/ቁ. 1731/2005 መሠረት የጸና ነው» ይላሉ። 1731 በሕግ አግባብ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ ላይ እንደ ሕግ እንደሚጸና የሚናገረው አንቀጽ ነው፤ 2005 ደግሞ በጽሑፍ የሰፈረ ውል ስላለው የማስረጃነት ዋጋ ነው። የእኛው ግን «1731/2018» ይላል።

ወዲያው ገባኝ። ፎርማቶቹ ላይ የቆዩ ዓመቶች ነበሩ፤ 2015፣ 2016። ከሦስት ቀን በፊት ብልጥ ልሁን ብዬ ወርድን «በ20 የሚጀምር ባለ አራት አሃዝ ቁጥር ሁሉ ፈልግና በዘንድሮው ዓመት ተካ» ብየዋለሁ። የተባለውን አደረገ። በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንድ ቀትር አሻሻልኩት። በሦስት ቀን ውስጥ አምስት ውል እንዲህ ወጥቷል። አምስቱም ጋ ደውለን በነጻ ቀየርንላቸው።

አሁን ፎርማቶቹ ውስጥ ዓመት የሚባል ነገር የለም። መሞላት ያለበት ቦታ ላይ «@ቀን@»፣ «@ስም@» ብዬ ጽፌያለሁ፤ መሣሪያዋ የምትነካው እነዚህን ብቻ ነው። ጠበቃው ሻይ ጋበዙኝ፤ እንግዲህ ሻዩን እኔ ልከፍል ይገባ ነበር።

ታኅሣሥ 3፣ አርብ

ፋይሎቹ አሁን ስም አላቸው፤ ግን አሁንም አይገኙም። «ኃይሌ» ብለው የመዘገቡትን «ሀይሌ» ብለው ይፈልጋሉ። ዊንዶውስ ለጆሮ አይሠራም፤ ለሱ ሀ፣ ሐ እና ኀ ሦስት የማይተዋወቁ ፊደሎች ናቸው። ጸሐይ፣ ፀሀይ፣ ጸሃይ፤ አንዱን ብትጽፍ ሌላውን አያመጣም።

ትልቋ «ሁሉንም በሀሌታው ሀ እንጻፍ በቃ» አለች። እምቢ አልኩ። የሰው ስም መታወቂያው ላይ እንደተጻፈ ነው የሚጻፈው። ባንክም ቀበሌም አንድ ፊደል ብትለወጥ ይመልሱታል፤ ደግሞ ስሙ የሱ ነው። ያደረግኩት ሌላ ነው። መሣሪያዋ ላይ የፍለጋ ሳጥን ጨመርኩ። ስትፈልግ ብቻ፣ በልቧ፣ ሐን እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ትለውጣለች፤ ሃ እና ኣንም እንደዚሁ። የምትፈልገውንም የተቀመጠውንም። ከዚያ ታመሳስላለች። ፋይሉ ላይ ያለው ስም አይነካም።

የድሮ ፎርማቶችን ማስገባት ግን አሰልቺ ነው። የተጻፉት ዩኒኮድ (ለየፊደሉ የራሱን ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት) ባልሆነ አሮጌ ፎንት ነው፤ ፎንቱ ከሌለ የላቲን ፊደል ዝባዝንኬ ይሆናሉ። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ እኛ አሁንም አሮጌውን እየተሸከምን ነው። ሦስቱን እንደገና ተየብን፣ ሁለቱን ጣልን።

ታኅሣሥ 17፣ አርብ

እሑድ የቁልቢ ገብርኤል ነው። ከተማው በእንግዳ ሞልቷል። ባጃጅ አይገኝም። ከቀትር በኋላም በር አልዘጋንም። ለመሣሪያዋ ምንም አልጨመርኩም፤ ላፕቶፑ ላይ ፖዝ የሚባል ቁልፍ ስለሌለ ብቻ ታስክባሩ ላይ ምልክቷን አስቀመጥኩ።

የሚገርመው፣ ኅዳር 8 የመጡት አባት ዛሬም መጡ። አከራይው ኪራይ ጨምረዋል። ውላቸው በስማቸው ተፈልጎ ወጣ። «ዛሬስ ባርኔጣዬን አላወለቅሁም» አሉ።

ታኅሣሥ 20፣ ሰኞ

ግርግሩ አለፈ። ቀትር ላይ ፎልደሮቹን አየሁ። ከተጀመረ ወዲህ 340 ፋይል። ዴስክቶፑ ላይ ዘጠኝ ብቻ። ኪራይ ውል፣ ሽያጭ፣ ሲቪ፣ ሁሉም በየቤቱ። ከዚያ 12ኛ ፎልደር አየሁ። እኔ አሥራ አንድ ነው የሠራሁት። «ሌላ» ይላል።

ታናሿን ጠየቅኳት። «እኔ ነኝ፣ ጋሼ። ዝርዝሩ ኖትፓድ ላይ አይደል? አንድ መስመር ጨመርኩ። ሰው ቆሞ ሲጠብቅ የትኛው እንደሆነ ማሰብ ይከብዳል።»

ኮዱን ከፍታ በራሷ መጨመሯ፣ እውነት ለመናገር፣ አኮራኝ። ፎልደሩን ከፈትኩት። «2018-04-17 አዲስ»። «2018-04-17 አዲስ 02»። «2018-04-17 አዲስ 03»። ወደ ታች ወረድኩ፤ «አዲስ 31» ድረስ፣ መሣሪያዋ አንድም ሳትደርብ በሥርዓት ቆጥራቸዋለች።

ከሰዓት በኋላ «አዲስ» የሚለውን ስም እንዳትቀበል አደረግኳት። ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሳየው «አዲስስ» የሚል ፋይል ተፈጥሯል።